አንኪ ለ5 ወር፦ "ዕድሌ ነው" ካልኩበት ፈተና በኋላ

የሙያ ፈቃድ ፈተናውን መጀመሪያ ስቀመጥ በ3 ነጥብ ወደቅኩ። ውጤቱን አይቼ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ዕድሌ ነው" የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስም ይኸው ሆነ። ያነበብኩት ሳይመጣ ያላነበብኩት መጣ። አብራኝ የተፈተነች ጓደኛዬ ደግሞ ፈተናው ሊደርስ ሲል ገለጥ ገለጥ ያደረገችው ምዕራፍ ተግተልትሎ መጣላትና አለፈች። እኔ 2 ወር ሙሉ ስቸክል ከርሜ ወደቅኩ። ይኼ ዕድል ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንኪ ነው። አንኪ የጥናት ካርድ መተግበሪያ ነው፤ ለሁለተኛው ፈተና የተዘጋጀሁት በእሱ ነው። ግን እንዴት ወደ እሱ እንደደረስኩ ካልነገርኳችሁ ለምን እንዲህ እንደምወደው አይገባችሁም።

ነርስ ነኝ። አንድ ቀን አዳር ተረኛ ነበርኩ። ዋርዱ ጸጥ ሲል የክፍላችን ኃላፊ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ስለ ፈተናው ጠየቁኝ፤ ያችኑ መልሴን ነገርኳቸው።

"እስቲ ልጄ" አሉኝ፣ "ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ አልቆም ቢል ምን ትሰጪዋለሽ?"

"ፕሮታሚን።"

"እሱ ለሄፓሪን ነው።"

ዝም አልኩ። ዋርፋሪንና ሄፓሪን ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ማርከሻቸው ግን ይለያያል።

"ይኼ ፈተናው ላይ መጥቶ ነበር?"

"አዎ፣ መጥቶ ነበር።"

"አላነበብሽውም ነበር እንዴ?"

አንብቤው ነበር። ማንበብ ብቻ አይደለም፣ በቢጫ ሃይላይተር ቀብቼዋለሁ። የቱ ገጽ ላይ እንዳለ፣ ከላይ በስተግራ በኩል እንደሆነ ሁሉ ትዝ ይለኛል። የቦታው ትዝታ አለ፤ መልሱ ግን የለም።

በማግስቱ ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ከፈተናው የማስታውሳቸውንና የሳትኳቸውን ጥያቄዎች ጻፍኩ። 14 ሆኑ። ከዚያ ኖቴን ከፍቼ አንድ በአንድ ፈለግኳቸው። 5ቱ ጨርሶ ያላየኋቸው ነበሩ። 9ኙ ግን ኖቴ ላይ አሉ። 7ቱ ደግሞ ቢጫ ተቀብተዋል። በ3 ነጥብ ነው የወደቅኩት፤ 9 ጥያቄ ደግሞ እጄ ላይ ነበር።

ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኳትም። ዕድል የሚባለው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። 5ቱ የዕድል ናቸው፣ ይሁን። 9ኙን ግን ዕድል ላይ ማላከክ አልቻልኩም።

አሁን ወደ መተግበሪያው። አንኪ የጃፓን ቃል ነው፤ በቃል መያዝ ማለት ነው። የሠራው ዴሚየን ኤልምስ የሚባል ሰው ሲሆን የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ሰውየው ያን ጊዜ ጃፓንኛ ይማር ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። በኮምፒዩተርም በስልክም ይሠራል። ኮምፒዩተር ላይ የጻፋችሁትን ካርድ ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ ካርድ የምጽፈው በኮምፒዩተር፣ የምለማመደው በስልክ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካርዱ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ። ጥያቄውን አይታችሁ በሆዳችሁ ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ ካርዱን ትገለብጣላችሁ። ከታች አራት ቁልፍ አለ፦ እንደገና፣ ከባድ፣ ጥሩ፣ ቀላል። በጫናችሁት ቁልፍ መሠረት ካርዱ መቼ እንደሚመለስ ይወሰናል። ያወቃችሁት ካርድ በማግስቱ ይመጣል፣ ከዚያ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ፣ እንዲህ እየራቀ ይሄዳል። የረሳችሁት ደግሞ ያኔውኑ ይመለሳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ገና በ1885 ትርጉም የሌላቸውን የፊደላት ጥምረቶች ራሱ እየሸመደደ፣ ራሱን እየፈተነ፣ ሰው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ ለክቶ ነበር። ሰባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካርዶችን በሳጥን ክፍልፋይ እያዛወሩ ማጥናትን አስተዋወቀ። በ1987 ደግሞ ፖላንዳዊው ፒዮትር ዎዝኒያክ ቀጠሮውን ኮምፒዩተር እንዲያሰላው አደረገ። አንኪ ለዓመታት የሠራው የዎዝኒያክን ስሌት አሻሽሎ ነው። ከ2023 ወዲህ ኤፍኤስአርኤስ የሚባል አዲስ ስሌትም ተጨምሮለታል።

ይህን አዲሱን ስሌት ስከፍት አንድ ነገር ቀልቤን ሳበው። ምን ያህል ማስታወስ እንደምፈልግ ይጠይቀኛል። ሳልነካው 90 በመቶ ላይ ተቀምጧል። ካርዱ ተመልሶ በሚመጣበት ቀን የማስታወስ ዕድሌ 90 በመቶ ገደማ እንዲሆን አድርጎ ቀጠሮ ይይዛል ማለት ነው። ትንሽ ቆም ብዬ አየሁት። እኔ ዕድልን የማውቀው ውጤት ከወጣ በኋላ ነው። ይኼ ነገር ግን ዕድልን አስቀድሞ እያሰበ፣ በየካርዱ እየለካ፣ ከፍ እያደረገ ይሄዳል።

አሁን ስለ ስህተቶቼ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ወር ያባከንኩት በእነሱ ነው።

ሰው ያዘጋጀውን የካርድ ጥራዝ አውርጄ ጀመርኩ። ከ3,000 በላይ ካርድ ነበረው። በ10 ቀን ውስጥ ተውኩት። የሌላ ሰው ካርድ የሌላ ሰው ጥያቄ ነው። ምን ሊጠይቅ እንደፈለገ ለማወቅ ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ ራሴ መጻፍ ጀመርኩ፤ ግን እንደ ኖት ጻፍኩ። አንድ ካርድ ላይ "የሄፓሪንና የዋርፋሪን ልዩነት" ብዬ 8 መስመር መልስ። እንዲህ ያለ ካርድ ሲመጣ ግማሹን ታስታውሳላችሁ፣ ግማሹን አታስታውሱም፣ የቱን ቁልፍ እንደምትጫኑ ግራ ይገባችኋል።

እዚያ ላይ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ረስቼው ሳለ "ከባድ" የሚለውን እጫን ነበር። "እንደገና" ማለት ወደቅኩ እንደማለት ሆኖ ይሰማኝ ነበር። አንኪ ግን "ከባድ" ሲባል የሚገባው "በመከራም ቢሆን አስታውሳለች" የሚለው ነው። ስለዚህ የረሳሁትን ካርድ ያወቅኩት መስሎት ያርቅብኛል። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ያዘንኩት። አብራችሁ የምትጀምሩ ካላችሁ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ካልመጣላችሁ "እንደገና" ነው። ግማሹ ቢመጣም "እንደገና" ነው።

ያቺ የሄፓሪን ካርድ ስምንት ጊዜ ወደቀችብኝ። አንኪ እንዲህ ያለችውን ካርድ "አልቅት" ብሎ ምልክት ያደርግባታል፤ ጊዜያችሁን የምትመጥ ማለት ነው። ምልክቱን ሳየው መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን ካርዷን ከፍቼ አየኋት። ጥፋቱ የማስታወስ ችሎታዬ አልነበረም፤ ካርዷ ራሷ ናት። ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን አንድ ላይ አስሬያቸው ነበር፤ ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ፣ ሁለቱም ማርከሻ ያላቸው፣ ሁለቱም በደም ምርመራ የሚከታተሏቸው።

ለያየኋቸው። አንዷ ካርድ፦ ዋርፋሪን ደም የሚያቀጥነው የምኑን ሥራ አግዶ ነው? የቫይታሚን ኬን። እንግዲያው ማርከሻው ራሱ ቫይታሚን ኬ ነው፤ የተከለከለውን መልሶ መስጠት። ሌላዋ ካርድ፦ ሄፓሪን አሉታዊ ሙል አለው፤ ምን ይይዘዋል? አዎንታዊ ሙል ያለው ፕሮታሚን። ፕሮታሚን ደግሞ መጀመሪያ የተገኘው ከሳልመን ዓሣ የዘር ፈሳሽ ነው። ይህን ሳነብ ዓሣ ሥዬ ካርዷ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ተቀላቅለውብኝ አያውቁም። በሃይላይተር 2 ወር የለፋሁበትን ነገር በአንድ ምሽት ለያየሁት። የለየው ግን አንኪ አይደለም፣ እኔ ነኝ። እሱ ያደረገው የቱ ጋ እንደሚያመኝ ማሳየት ነው።

ለምን ማንበብ ብቻውን እንዳታለለኝም ኋላ ገባኝ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዳንዶቹ ደግመው አነበቡት። ሌሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከ2 ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ልብ በሉ፤ ማንበብ በ5 ደቂቃው ላይ ያሸንፋል። ስለዚህ ደብተሩን ስንዘጋ "ገብቶኛል" የሚለን ስሜት ውሸት አይደለም። ለ5 ደቂቃ እውነት ነው። ፈተናው ግን ከ5 ደቂቃ በኋላ አይደለም።

ወደ ዕድል ልመለስ፤ ይህ ነገር ዕረፍት ነሥቶኝ ነበርና። አንድ ቀን የፈተናውን ዋና ዋና ርዕሶች 100 ትንንሽ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። በደንብ የማውቃቸውን ቆጠርኩ፤ 52 ነበሩ። ወረቀቶቹን ጠቅልዬ ሳህን ውስጥ ከተትኩና ዐይኔን ጨፍኜ 10 አወጣሁ። የማውቀው 3 ብቻ። መልሼ ቀላቅዬ እንደገና 10 አወጣሁ። 7 ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ፣ 5። ያው ጭንቅላት፣ ያው እውቀት ነው። አንዱ ዕጣ ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ሌላው ላይ ሰነፍ። ጓደኛዬና እኔ ያን ቀን ያወጣነው ዕጣ ይኼ ነው አልኩ። እሷ 7ን አወጣች፣ እኔ 3ን። ከመጀመሪያው ውጤት ወዲህ በእሷ ላይ የነበረኝ ቅሬታ ያን ማታ ለቀቀኝ።

ፈተናው 2 ሳምንት ሲቀረው ያንኑ ደገምኩት። አሁን የማውቃቸው 88 ደርሰው ነበር። 10 አወጣሁ፣ 9። እንደገና፣ 8። እንደገና፣ 9። ሳህኑ ያው ነው፣ ዐይኔም ተጨፍኗል፣ ዕጣውም ዕጣ ነው። ግን ከእንግዲህ ብዙ ሊጎዳኝ አይችልም። ዕድል የሚጫወትበት ሜዳ ጠቦ ነበር። ይህን በዐይኔ ማየቴ ከየትኛውም ምክር በላይ አረጋጋኝ።

ስለ ግምትም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው "ሲያልቅብኝ እገምታለሁ" ብሎ ይገባልና። 10 ባለ አራት ምርጫ ጥያቄዎችን ሙሉ በሙሉ በጭፍን ብትሞሉ 6ና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድላችሁ ከ100 ወደ 2 ነው። ግን ከአራቱ ምርጫ ሁለቱን "ይኼ አይሆንም" ብላችሁ መጣል ከቻላችሁ ጥያቄው እንደ እውነትና ሐሰት ይሆናል። ያን ጊዜ 6ና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድላችሁ ከ100 ወደ 38 ይደርሳል። ሙሉውን ሳታውቁት፣ ግማሹን ብቻ አውቃችሁ። ያ ግማሽ እውቀት ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ለሌላ ጥያቄ ካጠናችሁት ካርድ ነው።

የማይመቹ ነገሮቹን አልደብቃችሁም። መልኩ ደረቅ ነው፤ ሲከፈት የሚያጓጓ ነገር የለውም። ቅንብሩ ውስጥ ብዙ የማይገባ ነገር አለ፤ አብዛኛውን አለመንካት ነው የሚሻለው። እኔ የነካሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አዲሱን ስሌት ከፈትኩ፤ በቀን የሚመጡ አዳዲስ ካርዶችን ከ20 ወደ 10 ዝቅ አደረግኩ። 20 አዲስ ካርድ ትንሽ ይመስላል፤ ከወር በኋላ ግን ተመላሾቹ ተከምረው ይውጧችኋል። አንድ ጊዜ ታምሜ 4 ቀን ሳልከፍተው ቀረሁ። ስመለስ 340 ካርድ ጠበቀኝ። ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። አዳዲሶቹን አቁሜ በቀን 100 እየቀነስኩ ተወጣሁት። ለማንም ይኼ መድረሱ አይቀርም፤ ሲደርስ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ።

ሌላው፣ አንኪ የማያስተምረው ነገር አለ። ስሌት አያስተምርም። 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ቢታዘዝና የጠብታ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ቢሆን በደቂቃ ስንት ጠብታ ነው? መልሱ 42 ገደማ ነው። ይህን በካርድ ብትሸመድዱት 42ን ነው የምትይዙት፤ ፈተናው ላይ ሰዓቱ 6 ሆኖ ሲመጣ አለቀ። ለእንዲህ ያለው እስክሪብቶና ወረቀት ነው መድኃኒቱ። ያልገባችሁንም ነገር ካርድ አታድርጉት። መጀመሪያ ይግባችሁ፣ ከዚያ ካርድ።

በ5 ወር 1,260 ካርድ ጻፍኩ። በቀን ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ነበር የሚወስድብኝ። ታክሲ ውስጥ፣ ተራ ስጠብቅ፣ አዳር ላይ ዋርዱ ሲረጋ።

የፈተናው ቀን ዕድል መጀመሪያ ፊቱን አዞረብኝ። የደረሰኝ ወንበር በር አጠገብ ነው፤ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ 5 ጥያቄዎች ደግሞ በሙሉ የሕጻናት ክፍል ሆኑ፤ ደካማ ጎኔ። ልቤ መምታት ጀመረ። "ይኸው መጣ" አልኩ በሆዴ፣ ያው የዱሮው ቃል ከአፌ ሊወጣ። ከዚያ ያ ሳህን ትዝ አለኝ። አንድ እጅ ሙሉ መጥፎ ዕጣ ወጣ ማለት የቀረው ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ምልክት አድርጌባቸው አለፍኳቸው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ታካሚ መጣ፤ ሄፓሪን ላይ ያለ፣ ደም የሚፈሰው። አራት ምርጫ፦ ቫይታሚን ኬ፣ ፕሮታሚን፣ ናሎክሶን፣ ካልሲየም ግሉኮኔት። ዓሣው ወዲያው ፊቴ ላይ መጣ። እጄ ሳይንቀጠቀጥ አጠቆርኩ። ወደ ሕጻናቱ ጥያቄዎች ስመለስ ሁለቱን አወቅኳቸው፤ በሦስቱ ላይ ከየአራቱ ሁለት ሁለት ምርጫ ሰርዤ ገመትኩ። ትክክል ይሁኑ አይሁኑ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከማለፊያው በ19 ነጥብ በልጬ አለፍኩ። እነዚያ ሦስቱ ሁሉም ተሳስተው ቢሆን እንኳ አልፌያለሁ። ደስታዬ እዚህ ላይ ነው።

አንኪን ለማን ልምከር? ብዙ ነገር በቃል መያዝ ላለበት ሰው፤ መድኃኒት፣ ሕግ፣ ቋንቋ፣ የሰውነት ክፍል ስም። ጊዜውም ቢያንስ 2 ወር ላለው ሰው። ፈተናው ሳምንት ለቀረው አልመክርም፤ ካርዶቹ የሚርቁበትና የሚመለሱበት ጊዜ የለም። በሳምንት ውስጥ ከሆነ ያለፉ ጥያቄዎችን ሠርታችሁ የሳታችሁትን መለየት ይሻላል።

በቅርቡ አንዲት አዲስ ባልደረባችን ካርዶቼን እንድልክላት ጠየቀችኝ። ሁሉንም መላክ እችል ነበር። የላክሁላት ግን 10 ብቻ ነው፤ ሁለቱ የሄፓሪንና የዋርፋሪን፣ ከነዓሣው። የቀረውን ራሷ ትጽፈዋለች። ትናንት ማታ ተረኛ ስንሆን ስንት ደረስሽ አልኳት። "64" አለችኝ፣ "አንዷ ግን አልቅት ሆናብኛለች።" ስልኳን ተቀብዬ ካርዷን ከፈትኩ። መልሱ 7 መስመር ነበር።